የጭስ መንገድ
ከፋሲል ግንብ እስከ ፀዳ ፎቆች

በጎንደር ደብሮች ቅጥር ውስጥ፣ ከቤተ መቅደሱ ፈንጠር ብላ የምትቆም አንዲት ትንሽ ቤት አለች፤ ቤተልሔም ትባላለች። የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገረው እዚያ ነው። ዲያቆኑ ሌሊት ተነሥቶ ማገዶውን የሚያያይዘው፣ ዱቄቱ የሚቦካው፣ ጭሱም የሚጨሰው በቤተልሔም ነው። ኅብስቱ ተዘጋጅቶ ሲያበቃ ቃጭል እየተሰማ፣ ሕዝቡም እየሰገደ ወደ መቅደስ ይገባል። ስሟ ጌታ የተወለደባትን ከተማ ያስታውሳል። ለግንበኛ ዓይን ግን ቤተልሔም ሌላም ነገር ታስተምራለች፦ እሳት በሚነድበት ቤትና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት መካከል ክፍት ሜዳ አለ። ቤተልሔም በእሳት ብትያያዝ እንኳ መቅደሱ የመትረፍ ዕድል አለው።

በባላገሩ ግቢም ይኸው ጥንቃቄ ይታያል። አቅም ያለው ሰው ማድቤቱን ከእልፍኙ ይለያል። አቅም የሌለው በአንድ ጎጆ ያበስላል፣ ይተኛል፤ ጭሱም በሳር ክዳኑ መሐል እየሰረገ ይወጣል። ወራጁና ማገሩ በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ጎጆው ራሱ እንደ ወንፊት ስለሆነ ጭስ ታምቆ አይቀርም፤ የጎጆ ጠላት ነበልባሉ ነው። አንድ የሳር ክዳን ከተያያዘ የጎረቤቱ አይቀሬ ነው፤ ነፋስ ካለ ደግሞ መንደሩ ሁሉ። ስለዚህ የደገኛው የእሳት መከላከያ ሁለት ነገር ነበር፤ ርቀትና «ኡኡ» ሲባል ውሃና ርጥብ ቅጠል ይዞ የሚሮጥ ጎረቤት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ያለ ምክንያት አልተወለደም።

በ1628 ዓ.ም አፄ ፋሲለደስ መናገሻቸውን በጎንደር ሲያደርጉ፣ ለእሳት ሦስተኛ መልስ ይዘው መጡ፤ ድንጋይና ኖራ። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ፣ ባለሙያዎች ባዛልት የሚሉት፣ ከጥንት የቀለጠ ዓለት ቀዝቅዞ የጠጠረ ነው። ከእሳት የተወለደ ስለሆነ እሳት በቀላሉ አያሸንፈውም። በ1640 ዓ.ም ገደማ ወደ ጎንደር የመጣው የየመን መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ የንጉሡን ግንብ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ታላቅ ሕንፃ ብሎ ተደንቆበታል፤ የሠራውም የህንድ ሰው መሆኑን ጽፏል። የንጉሡ ልጅ አፄ ዮሐንስ፣ ጻድቁ የተባሉት፣ በ1674 ዓ.ም ሲያርፉ ከከተማዋ በስተ ደቡብ በምትገኘው ፀዳ ተቀበሩ። ፀዳ በዚያ ዘመን በነገሥታቱ መንገድ ላይ ያለች፣ ሜዳዋ ሰፊ፣ ጎጆዎቿም የተራራቁ አገር ነበረች።

ግንቡ ግን ከላይ እስከ ታች ድንጋይ አልነበረም። ግድግዳውን ድንጋይ ቢያቆመውም የፎቁ ወለል፣ ደረጃው፣ በሩ፣ መስኮቱና ሰገነቱ እንጨት ነበሩ። እሳት ደግሞ መንገዱን የሚመርጠው በሚበላው ነገር ነው። በ1762 ዓ.ም የካቲት ወር ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የንጉሡ ቤት ቀድሞ አራት ፎቅ እንደነበረ፣ በተለያየ ጊዜ በደረሰበት ቃጠሎ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ እንዳገኘውና በታችኞቹ ሁለት ደርቦች ግን አሁንም ሰፊ መኖሪያ እንዳለ መዝግቧል። የአቀባበል አዳራሹ ብቻ ከ36 ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። የከተማው ሕዝብ ቤት በአብዛኛው ጭቃ ሆኖ ክዳኑ ሾጣጣ ሳር እንደነበረም ይነግረናል። በዚህ በብሩስ ምስክርነት ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሠራ ትምህርት አለ። ድንጋዩ አልነደደም፤ ቤቱ ግን ተቃጠለ። እሳቱ ወለሉን ቀዶ፣ በደረጃው ወጥቶ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ ተሻገረ። ላይኛው ጠፋ፤ ታችኛው ተረፈ።

እሳት ወደ ጎንደር ከሰማይም ወርዷል። በታላቁ ኢያሱ ዘመን፣ በ1680ዎቹ የታነጸው የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በመብረቅ እንደተቃጠለና በኋላ ዳግም እንደተሠራ ይነገራል። ከዚያም በሰው እጅ የመጣው እሳት ተከተለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ከተማዋን አቃጠሏት። ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በጥር 1880 ዓ.ም፣ በአቡ አንጃ የተመራው የደርቡሽ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አነደደ። የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም እንኳ አልተረፈችም። ከዚያ ቃጠሎ ዳነ የሚባለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ የንብ መንጋ ወጥቶ አጥቂዎቹን እንዳባረረ የጎንደር ሰው ለልጁ ይተርካል።

ከዚያ በኋላ ጎንደርን ያየ ሰው ያገኘው ጣሪያ የሌለው ግንብ ነው። በፋሲል ግቢ ከቆሙት ፍርስራሾች ውስጥ ገብታችሁ ወደ ላይ ብትመለከቱ፣ በግድግዳው ላይ በመስመር የተደረደሩ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ታያላችሁ። የወለሉ ወራጅ የተሰካባቸው ናቸው። እንጨቱ ከሄደ ዘመናት አልፈዋል፤ ቀዳዳው ግን ወለሉ የት እንደነበረ ያሳያል። ሁለት ክፍል የነበረው ቤት ወለሉ ሲነሣ አንድ ረጅም ጉድጓድ ይሆናል። ከዚያ ሥር ቆሞ እሳት ማያያዝን ለአፍታ ያሰበ ሰው ነበልባሉም ጭሱም በአንድ ትንፋሽ ወደ ሰማይ እንደሚመዘዝ ይገባዋል። ግንቡ የጭስ ማውጫ ሆኗል።

ጎንደር ከደርቡሽ ቃጠሎ ገና ሳታገግም፣ በሩቅ አገር ዓለም ስለ ጭስ መራራ ትምህርት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1903 ታኅሣሥ 30 ቀን በአሜሪካ ቺካጎ ኢሮኮይ በተባለው አዲስ ቲያትር ቤት እሳት ተነሣ። ሕንፃው አይቃጠልም ተብሎ ማስታወቂያ ተነግሮለት ነበር። ከመድረኩ በላይ በጣሪያው ላይ ጭስ እንዲያስወጡ የተሠሩ መስኮቶች ነበሩ፤ ነገር ግን እንዳይከፈቱ ተዘግተው ታስረዋል። ጭሱና ነበልባሉ ወደ ሰማይ መውጫ ሲያጣ ተመልካቹ ወደተቀመጠበት አዳራሽ ዞረ። 602 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ድንጋዩና ብረቱ እንደ ጎንደር ግንብ ቆሞ ቀረ። በዚያ ቀን ለሚጠይቅ ሁሉ ግልጽ የሆነው ነገር፣ ሕንፃው አለመቃጠሉ ሰው አለመሞቱን እንደማያረጋግጥ ነው። ጭስ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያልወሰነ ሕንፃ ውሳኔውን ለእሳቱ ይተውለታል።

በ1928 ዓ.ም መጋቢት መጨረሻ የጣልያን ጦር ጎንደር ሲገባ አዲስ የግንባታ ዘመንም አብሮ ገባ። ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለው አርክቴክት የከተማዋን ፕላን ነደፈ፤ ፒያሳው፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው ተሠሩ። እስከ ዛሬ በግንባታ ቦታ የምንሰማቸው ቃላት፣ ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ላሜራ፣ ከጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ሶሌታው የእንጨቱን ወለል ተካ። ብሩስ ያየው ዓይነት ቃጠሎ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ ወለሉን እየበላ የሚወጣው፣ በአርማታ ወለል ላይ አቅም አጣ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ጄኔራል ናሲ እጁን ሲሰጥ ጦርነቱ በጎንደር አበቃ፤ በግንቦቹም ላይ የእንግሊዝ ቦምብ ጠባሳ ጥሏል። የአርማታው ዘመን ግን ቀጠለ። በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

የአርማታ ወለል እሳትን ከፎቅ ወደ ፎቅ ከለከለ ስንል ግን አንድ ነገር መጨመር አለብን፤ ካልተበሳ። ዘመናዊ ሕንፃ ደግሞ ያለ ቀዳዳ አይኖርም። የመጸዳጃው ቧንቧ፣ የኤሌክትሪኩ ገመድ፣ ከምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ የታፈነውን አየር የሚያወጣው ቱቦ፣ ከሆቴሉ ማድቤት ጭስና ቅባት የሚስበው ላሜራ፣ ሁሉም ሶሌታውን በስቶ ያልፋል። ባለሙያዎች ይህን መተላለፊያ ዳክት ወይም ሻፍት ይሉታል። ላሜራው ቱቦም ዳክት ነው፤ ቱቦዎቹ የሚወጡበት ቀጥ ያለ የግድግዳ ጉድጓድም በብዙ የግንባታ ቦታ በዚሁ ስም ይጠራል። ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ያለማቋረጥ የሚወጣ አንድ ቀዳዳ ማለት ነው። በጎንደር ግንብ ውስጥ ወለሉ ሲቃጠል የተፈጠረው ጉድጓድ፣ በዘመናዊው ሕንፃ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ።

ይህ ጉድጓድ ለምን አስፈሪ እንደሆነ ከጭስ ባሕርይ እንነሣ። አየር ሲሞቅ ይቀላል። በ300 ዲግሪ የሞቀ አየር በተለመደው የክፍል ሙቀት ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይተኮሳል። ሻፍቱ ከፍ ባለ ቁጥር መሳቡ ይበረታል፤ እንደ ጭስ ማውጫ። ጭሱ ውስጥ ደግሞ ቀለምና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ከደም ጋር ተጣብቆ ኦክስጅንን ያስለቅቃል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በክረምት ጎንደር ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ የተኛ ቤተሰብ ያለቀበትን ወሬ ያልሰማ ደገኛ የለም። ያው መርዝ ነው፤ በሻፍት ሲመጣ ግን ከሰል ያላስገባውንም ሰው ያገኛል።

ዓለም ይህን በሚገባ ያየው እ.ኤ.አ. በ1980 ኅዳር 21 ቀን ጠዋት በላስ ቬጋስ ከተማ ነው። ኤም ጂ ኤም ግራንድ የተባለው ሆቴል 26 ፎቅ ነበረው። እሳቱ የተነሣው በምድር ቤቱ ባለ የምግብ ቤት ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ብልሽት ነው። ነበልባሉ በታችኛው ወለል ላይ ተወሰነ። የሞቱት 85 ሰዎች ግን አብዛኞቹ እሳቱን ዓይተውት አያውቁም፤ በላይኛዎቹ ፎቆች ክፍላቸው፣ ኮሪደሩና ደረጃው ላይ በጭስ ታፍነው አለቁ። ጭሱ በሊፍቱ ጉድጓድ፣ በደረጃው፣ በግድግዳ መጋጠሚያ ክፍተቶችና አየር በሚያዳርሱት ቱቦዎች ሽቅብ ወጣ። በቱቦዎቹ ውስጥ በእሳት ጊዜ እንዲዘጉ ከተሠሩት መዝጊያዎች አንዳንዶቹ እንዳይንቀሳቀሱ ሆነው ተገኙ። በቺካጎ መከፈት የነበረበት ተዘግቶ ነበር፤ በላስ ቬጋስ መዘጋት የነበረበት ክፍት ቀረ። ሁለቱንም ያገናኛቸው የጭስ መንገድ ነው።

ከዚህ አደጋ በኋላ የዚያ ዓይነት ሕንፃ ሕግ ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሚያዝያ 11 ቀን ደግሞ በጀርመን ዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከላይ ባለው መንገድ ላይ የሚበይዱ ሠራተኞች ፍንጣሪ በጣሪያው ውስጥ ያለውን የአረፋ ማገጃ አያያዘ። እሳቱ ሰው ሳያየው በኮርኒሱ ጀርባ ተስፋፍቶ ጭሱ ተርሚናሉን ሞላው፤ 17 ሰዎች ሞቱ። ከኮርኒስ በላይ ያለው የተሰወረ ባዶ ቦታም እንደ ዳክት መሆኑን ያ ቀን አስረዳ።

በአገራችን መልሱ በወረቀት ላይ የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። በ1987 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ስለ አርማታ፣ ስለ ብረት፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን ስለ ቧንቧ ሥራ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ዝርጋታና ስለ አየር ማዘዋወሪያም የራሳቸው ጥራዝ ነበሩት። አሥራ አንደኛው ጥራዝ የሕንፃን የአየር ዝውውርና የአየር ማቀዝቀዣ ብቻ ይመለከት ነበር። ከዚያም በ2001 ዓ.ም የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ታወጀ፤ በ2003 ዓ.ም ደንቡ ተከተለ። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት መደበ። ሕዝብ የሚገለገልባቸው፣ ፋብሪካዎችና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሕንፃዎች በከፍተኛው በምድብ ሐ ገቡ፤ ጥብቅ የዲዛይንና የቁጥጥር ሥራም ተጠየቀባቸው። ከ12 ሜትር በላይ ማለት ከምድር ወለል ጋር አራት ወይም አምስት ደርብ ያለው ሕንፃ ነው። ይህ ልኬት ደግሞ ዛሬ በየአነስተኛው ከተማ ዋና መንገድ ዳር የሚቆመው ሕንፃ ልኬት ነው።

ፀዳም ወደዚያ ዘመን ገብታለች። ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የጻድቁ ዮሐንስ መካነ መቃብር፣ ዛሬ በጎንደር ከተማ አስተዳደር በአዘዞ ፀዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናት። የጤና ሳይንስ ኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪ ያመጡላታል፤ ተማሪ ደግሞ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ማደሪያና ካፌ ይጠይቃል። በዚህ ከፍ ባለ አካባቢ አየር ማቀዝቀዣ እምብዛም አያስፈልግም፤ መስኮት ይበቃል። ስለዚህ ብዙ ባለሀብት «የእኔ ሕንፃ ዳክት የለውም» ይላል። ቀጥሎ የምለው ግን ለዚህ ሰው ነው።

ሥራው ያላለቀ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ አብረን እንግባ። ምድር ቤቱ ሱቅና ምግብ ቤት ሊሆን ታስቧል፤ ላዩ ቢሮና ማደሪያ። ደረጃውን ወጥተን መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ስንደርስ በሶሌታው ላይ ክንድ የሚያህል ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ቀዳዳ እናያለን። አራት የፕላስቲክ ቧንቧዎችና አንድ እቅፍ የኤሌክትሪክ ገመድ በውስጡ ይወጣሉ። ዙሪያው ባዶ ነው። ጎንበስ ብለን ብናይ ከታች የምድር ቤቱ ብርሃን ይታያል፤ ቀና ብንል ሰማይ። አንዳንዱ ሠራተኛ አቧራ እንዳይገባ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ጠቅጥቆበታል። ነገ ፊቱ በብሎኬት ይዘጋል፤ ይለሰናል፤ ቀለም ይቀባል። ከዚያ በኋላ ያንን ቀዳዳ ማንም አያየውም። የምግብ ቤቱ ዘይት በተያያዘ ቀን ግን ጭሱ ያገኘዋል። የፕላስቲኩ ቧንቧ ገና በ80 ዲግሪ አካባቢ መልፈስፈስ ይጀምራል፤ ቀልጦ ሲወድቅ ቀዳዳው ይሰፋል። ከረጢቱ ይነድዳል። በአምስተኛው ፎቅ ላይ የተኛው እንግዳ ከእሳቱ የሚለየው ሃያ ሜትር አይደለም፤ አንድ ያልተደፈነ ጉድጓድ ነው።

የዚህ መድኃኒት የታወቀ ነው። አንደኛው በየሶሌታው ላይ ቀዳዳውን መድፈን ነው፤ በገመዱና በብረት ቧንቧው ዙሪያ የድንጋይ ሱፍ ጠቅጥቆ እሳት በሚቋቋም ማሸጊያ መዝጋት። በፕላስቲኩ ቧንቧ ላይ ደግሞ በሙቀት የሚያብጥ ቀለበት ይታሰራል፤ ቧንቧው ሲቀልጥ ቀለበቱ አብጦ ጉሮሮውን ያንቀዋል። ሁለተኛው ሻፍቱን ራሱን ማጠር ነው፤ የብሎኬቱ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሳይቆም እስከ ሶሌታው ደርሶ፣ መገጣጠሚያው ሞልቶ፣ መፈተሻ በሩም እሳት የሚቋቋም ሆኖ። የኮርኒሱን ነገር ማንሣቴ የዱሰልዶርፍን ስለማስታውስ ነው።

ሦስተኛው በላሜራው ቱቦ ላይ የሚሠራ ነው። አየር የሚያመላልስ ቱቦ እሳት የሚከፍል ግድግዳ ወይም ወለል ሲበሳ፣ በዚያው ቦታ ፋየር ዳምፐር ይገባል። ይህ ዕቃ ቀላል ነው፤ በብረት ክፈፍ ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ ምላጭ የመሰለ መዝጊያ፣ የሚጎትተው ስፕሪንግ፣ የያዘው ደግሞ ከጣት የማትረዝም ሁለት የብረት ቅጠል በብየዳ የተጣበቀባት ማያያዣ። ሙቀቱ 72 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብየዳው ይቀልጣል፤ ሁለቱ ቅጠሎች ይለያያሉ፤ መዝጊያው «ቋ» ብሎ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ሰው አይፈልግም። ሌሊት ዘበኛው በራቀበት፣ መብራት በጠፋበት ሰዓትም ይሠራል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በጽዳት ጊዜ ወይም በጥገና ሰበብ አለመታሰር፣ በዓመት አንዴም ተከፍቶ መፈተሽ።

ዳምፐር የማይገባበት ቱቦ ደግሞ አለ፤ የማድቤቱ። ጥብስ፣ ዱለት፣ የተጠበሰ ድንችና ዓሣ ከሚሠራበት ምድጃ በላይ ያለው መሳቢያ ቀን ተቀን ቅባት ይተነፍሳል። ቅባቱ በላሜራው ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ይደርቃል፤ እንደ ድሮው ጎጆ ጥቀርሻ ያብለጨልጫል። የጎጆው ጥቀርሻ ከጭስ የተረፈ ነው፤ ይህ ግን ቅባት፣ ማለትም ነዳጅ ነው። ከምድጃው አንድ ነበልባል ከዘለለ ቱቦው ከዳር እስከ ዳር ይያያዛል፤ የውስጡ ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ቀጭኑ ላሜራ ይግላል፤ ከጎኑ የሚያልፈውን ገመድና እንጨት ያያይዛል። ስለዚህ የማድቤት ቱቦ ከሌላ ቱቦ ጋር አይቀላቀልም፤ መጋጠሚያው ተበይዶ ይታሸጋል፤ እስከ ጣሪያው ድረስ በእሳት መከላከያ ይጠቀለላል ወይም በራሱ ሻፍት ይወጣል፤ መጥረጊያ በርም ይኖረዋል። ጽዳቱ ካልተደረገ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

መጠቅለል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ። እሳት የሚቋቋም የተባለ ቱቦ በምድጃ ውስጥ ይፈተናል። የምድጃው ሙቀት በታወቀ መንገድ ይጨምራል፤ በግማሽ ሰዓት 842፣ በአንድ ሰዓት 945፣ በሁለት ሰዓት 1,049 ዲግሪ። ቱቦው ሦስት ነገር እንዳያደርግ ይጠበቃል፤ እንዳይወድቅ፣ እንዳይቀደድ፣ ከውጭ ያለው ገጹ እጅግ እንዳይግል። ተራ ላሜራ ይህን አይችልም። በ600 ዲግሪ አካባቢ ብረት ጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል፤ የተንጠለጠለበት ዘንግ ይላላል፤ ቱቦው ይወድቃል፤ ግድግዳው ላይ የነበረበት ቦታም ክፍት ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማንጠልጠያው ይወፍራል፤ ቱቦውም ወይ በልዩ ሰሌዳ ይታጠራል፣ ወይ እሳት የሚቋቋም ልስን ይረጭበታል፣ ወይ በድንጋይ ሱፍ ይሸፈናል።

በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥንና በስልክ አየው። ሱቅ በሱቅ ላይ የተደራረበበት፣ መንገዱ የጠበበበት፣ የእሳት አደጋ መኪና ለመግባት የተቸገረበት ቦታ ነበር። የብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ያ እሳት የሁላችንን ዓይን ወደ ማጥፊያው መኪና አዞረ፤ መኪና ይጨመር፣ ውሃ ይቅረብ፣ መንገድ ይስፋ ተባለ። ትክክል ነው። ነገር ግን የትኛውም መኪና፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር የሚነሣ፣ ከጭስ ቀድሞ አምስተኛ ፎቅ አይደርስም። በጭስና በሰው መካከል በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚቆመው ግንበኛው የደፈነው ወይም የተወው ቀዳዳ ብቻ ነው።

ለዚህም ነው ነገሩ የባለሀብት፣ የአማካሪ መሐንዲስ፣ የቧንቧ ሠራተኛና የሕንፃ ሹም የጋራ ጉዳይ የሚሆነው። ቀዳዳ መድፈን ልስኑ ሳይመታ በፊት የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ሶሌታ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። ከተለሰነ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ነው። ተቆጣጣሪው ፌሮው ከመቀበሩ በፊት ቆጥሮ እንደሚፈርመው ሁሉ፣ ሻፍቱም ሳይዘጋ ፎቅ በፎቅ ገብቶ አይቶ መፈረም አለበት። ፌሮ የጎደለው ሕንፃ ሊቆም ይችላል፤ ሻፍቱ ያልተደፈነ ሕንፃም ይቆማል። ሁለቱም ጉድለታቸውን የሚያሳዩት ሰው በሚሞትበት ቀን ነው።

የድንጋይ ሱፍ ከምን እንደሚሠራ ሳውቅ ያሰብኩት ፋሲል ግንብን ነው። ባዛልት ድንጋይ በ1,500 ዲግሪ አካባቢ በምድጃ ይቀልጣል፤ ከዚያ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ሲፈስ እንደ ጥጥ ይፈተላል። በየቱቦው የሚጠቀለለው፣ በየቀዳዳው የሚጠቀጠቀው ይኸው የተፈተለ ዓለት ነው። የቴዎድሮስንም፣ የደርቡሽንም እሳት ተቋቁሞ የቆመው የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ዘመዱ ነው። የጥንቱ ግንበኛ ድንጋዩን በግድግዳው ላይ አኖረ፤ ወለሉን ለእንጨት ተወ፤ እሳቱም በተተወው መንገድ ወጣ። እኛ ወለሉን በአርማታ ዘግተናል። የቀረን በላዩ ላይ የበሳነውን ቀዳዳ መድፈን ነው። በፀዳ መንገድ ዳር ነገ ለሚለሰነው ሻፍት ዛሬ የሚጠቀጠቅ አንድ እቅፍ የድንጋይ ሱፍ፣ ቤተልሔምንና መቅደሱን የለየው ሜዳ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል።